የጓሮ ኩሬ ፓምፕና ቤት ሠራሽ ማጣሪያ፦ መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት የሚሆነው የትኛው ነው?

መብራት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዶ ንጋት ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተመለሰ። ከአልጋዬ ሳልነሣ ፓምፑ ሲያጉረመርም ሰማሁና «ተመስገን» ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ። አንድ ሰዓት ላይ ወደ ጓሮ ስወጣ የተቀበለኝ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ነው። ከበርሜል ማጣሪያው የሚወርደው ውሃ ጠቁሯል። የማረባቸው ቆሮሶዎች (ቲላፒያ የሚባሉት ዓሦች) ከመውረጃው በተቃራኒ ባለው ጥግ ተኮልኩለው፣ አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ አየር ይጎርሳሉ። ከሃያ ሁለቱ ዘጠኙ እስከ ቀትር አለቁ።

ጥፋቱን በመብራት ላይ ብቻ ማላከክ ቀላል ነበር። ነገር ግን ያንን ማጣሪያ የመረጥኩት እኔ ነኝ። በርሜሉ ውስጥ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አዲስ ውሃ ሳያገኙ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆዩ ኦክስጅኑን ጨረሱት። ከሥር የተጠራቀመው ዝቃጭ አየር በሌለበት መበስበስ ጀመረ። ፓምፑ ሲነሣ ደግሞ ያንን ሁሉ ጠርጎ ዓሦቹ ላይ ደፋው። ከዚያ ወዲህ ፓምፕም ሆነ ማጣሪያ ስመርጥ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መብራት ሲጠፋ ይህ ዕቃ ምን ይሆናል? ካርቶን ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ይህን ጥያቄ አይመልሱም።

ከሱቅ በፊት የሚሠራ ስሌት

ኩሬዬ ቢሾፍቱ ነው፤ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 70 ሴንቲ ሜትር። ሦስቱ ሲባዙ 4.2 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 4,200 ሊትር ይሆናል። የእናንተ ኩሬ ግድግዳ ተዳፋት ከሆነ ከዚህ ዓይነቱ ስሌት ላይ ሩብ ያህሉን ቀንሱ። ዓሣ ያለበት ኩሬ ውሃው በየሁለት ሰዓቱ አንድ ጊዜ በማጣሪያው ቢያልፍ ጥሩ ነው፤ ዓሣው ከበዛ በየሰዓቱ። ስለዚህ ለእኔ በሰዓት 2,100 ሊትር ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ፓምፑ ካርቶን ላይ «በሰዓት 2,000 ሊትር» የሚለው ቁጥር ፓምፑ ውሃውን ምንም ከፍ ሳያደርግ የሚያፈሰው መጠን ነው። ከጎኑ «ከፍታ 2 ሜትር» የሚለው ደግሞ ውሃው ሁለት ሜትር ላይ ደርሶ አንዲት ጠብታ እንኳ የማይወጣበት ነጥብ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ አይገኙም። የመጀመሪያውን ፓምፕ ስገዛ ሻጩ ሁለቱንም በጣቱ እየጠቆመ አሳየኝ፤ እኔም ሁለቱንም አመንኩ። ቤት ገብቼ ስገጥመው ማጣሪያው ጫፍ ላይ የደረሰው ከማንቆርቆሪያ አፍ የሚወርድ ያህል ውሃ ነበር።

በልምድ የሚሠራው ደንብ ይህ ነው፦ ውሃው የሚወጣበት ከፍታ ፓምፑ ከሚችለው ጫፍ ግማሽ ከሆነ፣ ከተጻፈው መጠን ግማሽ ያህሉን ጠብቁ። ከፍታው የሚለካው ከኩሬው የውሃ ገጽ እስከ መውጫው አፍ ነው፤ ፓምፑ ከተቀመጠበት ወለል አይደለም። ለ1.2 ሜትር ከፍታና ለ2,100 ሊትር የሚሆነኝ «4,000 ሊትር፣ 3 ሜትር» የተጻፈበት ሆኖ ተገኘ። ጎማው ደግሞ ከ1 ኢንች መጥበብ የለበትም። ይህን ያህል ውሃ በግማሽ ኢንች የአትክልት ማጠጫ ጎማ ለመግፋት መሞከር ፓምፑን በከንቱ ማድከም ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ ቁጥሩን በራሳችሁ ዓይን አረጋግጡ። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ መውጫው ሥር አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። በ34 ሴኮንድ ከሞላ በሰዓት ወደ 2,100 ሊትር እያገኛችሁ ነው። እኔ ይህን በየሁለት ወሩ እደግመዋለሁ። ባልዲው ለመሙላት 50 ሴኮንድ ከፈጀበት የፓምፑ መግቢያ ተደፍኗል ማለት ነው።

አራት ዓይነት ፓምፕ

ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ የሚሠራው፣ ባለሙያዎች ሰብመርሲብል የሚሉት፣ ለጓሮ ኩሬ ዋነኛው ምርጫ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃው ራሱ ያቀዘቅዘዋል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስም ያለ ሰው እርዳታ ይነሣል። የእኔው 50 ዋት ነው። ቀን ከሌሊት ሲሠራ በቀን 1.2፣ በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ድክመቱ ዝቃጩን እንደ ወፍጮ መፍጨቱ ነው፤ የተፈጨ ቆሻሻ ደግሞ ለማጣሪያ ያስቸግራል። ሌላው አደጋ ሥፍራው ነው። ኩሬው ወለል ላይ ካስቀመጣችሁት ጎማው አንድ ሌሊት ቢወልቅ ውሃውን እስከ መጨረሻው አውጥቶ ግቢ ላይ ያፈሰዋል። እኔ ብሎኬት ላይ አቁሜ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌዋለሁ። የፈለገው ቢፈስ ዓሦቹ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይተርፋቸዋል።

በየግቢው ያለው፣ ውሃ ወደ ሮቶ የሚያወጣው ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ፣ ብዙዎቻችን «ዲናሞ» የምንለው፣ ብዙ ጊዜ «ይኸው ቤት አለ፣ ለምን ሌላ እገዛለሁ» ያሰኛል። እኔንም አሰኝቶኛል። ይህ ፓምፕ የተሠራው ትንሽ ውሃ ፎቅ ላይ ለማውጣት ነው፤ ኩሬ የሚፈልገው ደግሞ ብዙ ውሃ በትንሽ ከፍታ ነው። 370 ዋት ቀን ከሌሊት ሲሠራ በወር 266 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ከሰባት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር እርከኑ ስለሚወጣ የሂሳቡ ልዩነት ከዚህም ይሰፋል። በዚያ ላይ ውስጡ ጠባብ ስለሆነ አሸዋና ዝቃጭ አይችልም። የሌሊቱን ፈተና ደግሞ ጨርሶ አያልፍም። መብራት ሲጠፋ ከሥር ያለው ፉት ቫልቭ፣ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው፣ ጥቂት እንኳ ካንጠባጠበ መምጠጫ ቧንቧው ይደርቃል። መብራት ሲመለስ ፓምፑ ባዶውን እየዞረ ይቃጠላል። ኩሬውን አጥቦ ለመቅዳት፣ ወይም ውሃውን ወደ ጎመኑ መደብ ለመስደድ ግን ጥሩ ነው፤ እኔም ያንን ሥራ ሰጥቼዋለሁ።

ከፀሐይ ሰሌዳ በቀጥታ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ሲታይ የመብራት ችግርን ከሥሩ የነቀለ ይመስላል። ሒሳብም አያመጣም፤ 12 ቮልት ስለሆነም ለልጅ አያሰጋም። ነገር ግን የሚቆመው መቆም በማይገባው ሰዓት ነው። ቀን ቀን ተክሉና ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ዋቅላሚ (አልጌ) ኦክስጅን ይሠራሉ። ሲመሽ ሥራቸውን ያቆሙና ከዓሦቹ ጋር እየተሻሙ ይተነፍሳሉ። የኩሬ ውሃ ኦክስጅን ከምንም ጊዜ በላይ የሚያንሰው ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው። ያን ጊዜ የፀሐይ ፓምፑ ተኝቷል። በሐምሌና በነሐሴ ቀንም ያንቀላፋል። ባትሪ ከተጨመረበት ሌላ ነገር ይሆናል፤ ዋጋውም እንዲሁ። ዓሣ ለሌለው የጌጥ ፏፏቴ ፀሐይ ይበቃል፤ ዓሣ ላለው ግን ብቻውን አልመክርም።

አራተኛው የአየር ፓምፕ ነው። ይህን ሰው እንደ ተጨማሪ ዕቃ ያየዋል፤ ለእኛ አገር ግን ዋናው መሆን ነበረበት። ምክንያቱ የምንኖርበት ከፍታ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን በሊትር ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ያው ውሃ ቢጠግብ የሚይዘው ከ7 ያነሰ ነው፤ ቢሾፍቱ ላይ ከ7 ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ አገር በተጻፈ መመሪያ ላይ ያለውን የዓሣ ብዛት እንዳለ መቅዳት ከጅምሩ ዕዳ ውስጥ መግባት ነው። እኔ ሩብ ያህሉን እቀንሳለሁ።

የአየር ፓምፕ ሌላም ችሎታ አለው። ቀጥ ባለ ባለ 2 ኢንች ቱቦ ታችኛው ጫፍ አየር ከለቀቃችሁበት፣ አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይወጣል። ውሃውን ከፍ የሚያደርገው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ማጣሪያው ከኩሬው ገጽ እኩል መቀመጥ አለበት። ያንን ማድረግ ከቻላችሁ ግን አንዱ 30 ዋት ዕቃ ውሃውን ያንቀሳቅሳል፣ አየርም ይሰጣል፤ ዝቃጭ የሚፈጭ ክንፍም የለውም። ጉዳቱ ድምፁ ነው፤ ሌሊት ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር አታስቀምጡት። ከኩሬው ውሃ ገጽ በላይም ይሁን፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ተመልሶ ይገባበታል።

ለሌሊቱ ፈተና የሚጠቅመው ትንሹ ወንድሙ ነው። 5 ዋት የሚፈጅ የ12 ቮልት አየር መንፊያ ከ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ጋር ሲያያዝ ሌሊቱን ያነጋል። ባትሪው የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ 50 ያህሉን ብትጠቀሙ እንኳ አሥር ሰዓት ይሆናል። 50 ዋቱን ፓምፕ በኢንቨርተር ለዚያው ያህል ጊዜ ለማሠራት ግን 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል። ልዩነቱን ዋጋ ስትጠይቁ ታዩታላችሁ።

ስለ 220 ቮልት አንድ ነገር ልበል። ውሃ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ፓምፕ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ወዲያው በሚቆርጥ ብሬከር በኩል ይያያዝ፤ መሬት የገባ መስመርም ይኑረው። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፣ ተከትሎት የሚመጣው ውሃ እዚያው እንዲንጠባጠብ። እጃችሁን ኩሬው ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ማጣሪያው ምን እንዲሠራ ነው የምንፈልገው?

ብዙ ሰው ማጣሪያ ሲባል ወንፊት ይመስለዋል። ቆሻሻ መያዝ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የማይታየው ነው። ዓሦች በሚበሉት መኖ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በመጨረሻ አሞኒያ ይሆናል። ለዓሦቼ በቀን 30 ግራም መኖ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ወደ 1 ግራም የሚጠጋ አሞኒያ ይወጣል። 1 ግራም በ4,200 ሊትር ላይ ሲበተን በቀን 0.24 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ማንም ካላነሣው በአራት ቀን 1 ሚሊ ግራም ይጠጋል፤ ያ ደግሞ ዓሣ የሚታመምበት መጠን ነው። የሚያነሡት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ሁለቱም የሚለጠፉበት ገጽና ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ለ1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ከ4 ግራም በላይ ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ማጣሪያ መምረጥ ማለት እንግዲህ ለእነዚህ ፍጥረታት ቤት መምረጥ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የማያፍናቸው ቤት።

የሚለጠፉበትን ገጽ በተመለከተ ቢሾፍቱና አካባቢዋ ታድለዋል። የግንባታ ሰዎች «ሬድ አሽ» የሚሉት ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ቀላልም ርካሽም ነው። ከአገር ውጭ ለኩሬ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ይኸው ዓይነት ድንጋይ ነው። ከኮክ ፍሬ እስከ ትንሽ ሎሚ የሚያህለውን ልቀሙ፤ ደቃቁ ይደፍናል። አቧራው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ እጠቡት። የእኔ አምስት ጊዜ ታጥቦም ውሃው ቀይ ወጥ ይመስል ነበር።

ባልዲ፣ በርሜል፣ ሳጥን፣ የተክል አልጋ

ባልዲው ከ1,000 ሊትር ለምታንስ፣ ሁለት ሦስት ወርቃማ ዓሣ ላላት ኩሬ ነው። ክዳን ያለው ባልዲ ዙሪያውን ይበሳል፣ ፓምፑ መሐሉ ይቀመጣል፣ ዙሪያው በፍራሽ ስፖንጅ ይሞላል፣ ከነ ክዳኑ ኩሬው ውስጥ ይሰጥማል። በየሳምንቱ ስፖንጁን መጭመቅ ግድ ነው። ሌላ የሚባል ነገር የለውም።

200 ሊትር የሚይዘው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ሁሉም ሰው የሚጀምርበት ነው፤ ቅርጹ ራሱ ማጣሪያ ሁን ብሎ የተሠራ ይመስላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ስትመርጡ አፍንጫችሁን አስገብታችሁ አሽትቱ። የምግብ ዘይት ወይም የጭማቂ ጥንስስ የነበረበት ይታጠባል። ኬሚካል የነበረበት በሙቅ ውሃና በሳሙና ቢፈገፈግም ፕላስቲኩ ውስጥ የገባውን አይለቅም። ውሃው ከታች በሰያፍ ገብቶ እየተሽከረከረ ዝቃጩን ወለሉ ላይ ይጥላል። ከወለሉ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የፌሮ ፍርግርግ ይቀመጣል፤ በላዩ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ በላይ በሽንኩርት መረብ ጆንያ የታሰረ ቀይ ጠጠር ይደረደራል። መግቢያው 1 ኢንች ከሆነ መውጫው 2 ኢንች መሆን አለበት፤ የሚገባው በፓምፕ ተገፍቶ ነው፣ የሚወጣው ግን በራሱ ክብደት። ይህን ያልጠበቀ ሰው በርሜሉ ሲፈስበት ያያል። ከሥር ባለ 2 ኢንች ማፍሰሻ ቫልቭ ይግባ። የቀረውን ብትዘነጉ ይህን ቫልቭ አትዘንጉ።

የበርሜሉ ጥቅም ዝቃጭ በመያዝ የሚስተካከለው አለመኖሩ ነው። ጉዳቱን መግቢያው ላይ ነግሬአችኋለሁ፦ ሁሉም ነገር ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ይታፈናል። ሌላም አለ። ከታች የሚገባው ቧንቧ ምንም ካልከለከለው፣ ፓምፑ ሲቆም በርሜሉ በዚያው ቧንቧ ዝቃጩን ይዞ ወደ ኩሬው ይመለሳል። እኔ መመለስ የሚከለክል ቫልቭ ገጥሜ ነበር፤ መመለሱ ቀረ፣ መታፈኑ ግን አልቀረም። የተሻለው መላ ቧንቧውን በበርሜሉ አፍ በላይ አሳልፎ በውስጥ ወደ ታች ማውረድና ከውሃው ገጽ በላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ነው፤ አየር ስትገባ መሳቡ ይቋረጣል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በላይ መብራት ከጠፋ ግን፣ ሲመለስ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት የታችኛውን ቫልቭ ከፍታችሁ የታፈነውን ውሃ ጎመኑ ላይ ድፉት። ለዚህ ደግሞ ቤት መገኘት አለባችሁ፤ ለዚህም ነው በርሜልን ብቻውን የማልመክረው።

አሁን የምጠቀመው የሳጥን ማማ ነው። ወለላቸውና ጎናቸው ቀዳዳ የሆነ ሦስት የአትክልት ፕላስቲክ ሳጥኖች በላይ በላይ ተደርድረው፣ በቀይ ጠጠር ተሞልተው፣ ከላይ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ውሃውን እንደ ገላ መታጠቢያ ይበትንባቸዋል። ውሃው ጠጠሩን እየነካካ፣ በአየር መሐል እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ባክቴሪያዎቹ ውሃ ውስጥ አልተዘፈቁም፤ እርጥብ አየር ውስጥ ነው ያሉት። ኦክስጅን አይፈልጉም ባይባልም ልመና አይወጡም። መብራት ሲጠፋ ውሃው ወርዶ ያልቃል፣ ጠጠሩ ርሶ ይቆያል፣ አየር እንደልብ ይገባዋል። ማማውን በሠራሁ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፋ። ንጋት ላይ ሲመለስ በእጅ ባትሪ እያበራሁ ሮጬ ወጣሁና የመጀመሪያውን ውሃ በመዳፌ ተቀብዬ አሸተትኩት። ዝናብ የነካው አፈር ይሸት ነበር።

ማማውም እንከን አያጣም። አንደኛ ከፍታ ይፈልጋል፤ የላይኛው ቧንቧ ከውሃው ገጽ 1.2 ሜትር ላይ ስለሚሆን ጠንከር ያለ ፓምፕ ያስገዛል። ሁለተኛ ክብደቱ ቀላል አይደለም። 40 ሊትር የሚይዝ ሳጥን በጠጠር ሲሞላ ከ35 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ የሦስቱ ድምር መቶ ኪሎ ስለሚያልፍ ከሥሩ በብሎኬት የተሠራ መደብ ይጠይቃል። ሦስተኛው ብርድ ነው። የሚንጠባጠብ ውሃ ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የማማው ውሃ ቆሮሶን ያንዘፈዝፋል። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች መብላቱን ይቀንሳል፣ ማደጉን ያቆማል። እኔ በብርዱ ወራት ሳጥኖቹን በሦስት ጎን በላስቲክ እከልላለሁ። አዲስ አበባ ላይ ኩሬ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከጅምሩ ብርድ የሚችለውን ካርፕ ወይም ወርቃማ ዓሣ ብታስገቡ ይሻላል። አራተኛ፣ ማማው ዝቃጭ አይወድም። ስለዚህ ከፊቱ ትንሽ በርሜል፣ 60 ሊትር ያህል፣ ስፖንጅ ብቻ የያዘ፣ ዝቃጭ እንዲያስቀር ገጥሜለታለሁ። በየሦስት ቀኑ ቫልቯን ከፍቼ አንድ ባልዲ ጥቁር ውሃ አወጣለሁ። ይህች ትንሽ ስለሆነች ብትታፈንም ጉዳቷ ትንሽ ነው። ይሁንና እሷንም ከረጅም መጥፋት በኋላ አፈሳታለሁ።

የተክል አልጋው ከሁሉም የሚያምረው ነው፤ ቦታ ካላችሁ ከሁሉም ያነሰ ሥራ የሚጠይቀውም እሱ ነው። ከኩሬው ጎን፣ ከገጹ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ውሃ በማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ (ጂኦሜምብሬን) ይነጠፋል። ወለሉ ላይ በመጋዝ የተሰነጣጠቀ ቧንቧ ይዘረጋል፤ ከላዩ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ክብ ጠጠር ይሞላል። ፓምፑ ውሃውን በቧንቧው ይሰዳል፤ ውሃው ቀስ እያለ በጠጠሩና በሥሩ መሐል ወጥቶ በአንድ ጎን ወደ ኩሬው ይወርዳል። የቧንቧውን አንዱን ጫፍ ወደ ላይ አቁማችሁ በክዳን ዝጉት፤ በዓመት አንድ ጊዜ የተጠራቀመውን ዝቃጭ የምትጠርጉት በዚያ ነው። ተክሎቹ ያለ አፈር፣ ሥራቸው ታጥቦ ይተከላሉ። ደንገል፣ ቄጠማና ጎዴሬ ይስማማቸዋል፤ ናናም ጠርዙ ላይ ይንሰራፋል። ፊላ ጎበዝ ነው፤ ሥሩ ግን ላስቲኩን የመብሳት አመል አለው። እምቦጭን ግን ለጌጥም ቢሆን እንዳታስገቡ። ጣና ሐይቅ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሆነውን ያየ ሰው ምክንያት አይጠይቅም።

ተክል አልጋ ከሌሎቹ የሚለየው ባክቴሪያዎቹ የማይነኩትን ናይትሬት መብላቱ ነው፤ በዚህም ውሃው አረንጓዴ እንዳይሆን ዋቅላሚውን ያስርበዋል። የሚፈልገው ስፋት ግን አለ። ዓሣ ላለበት ኩሬ ከገጹ ከ15 እስከ 30 በመቶ። ለእኔ 6 ካሬ ሜትር ኩሬ ቢያንስ 1 ካሬ ሜትር፣ ይበልጥ ጥሩው 2 ካሬ ሜትር ነው። መብራት ሲጠፋ ጠጠሩ እንደ በርሜሉ ውሃ ውስጥ ይቀራል፤ ዝቃጩ በሰፊ ቦታ ላይ ስለተበተነ ግን የሚታፈነው በዝግታ ነው። ዓሣ በብዛት ለሚያረባ ሰው ብቻውን አይበቃም።

እንግዲህ የቱን ከየቱ?

ዓሣ ለሌለበት፣ ለውበት ብቻ ለተሠራ ኩሬ፦ የፀሐይ ፓምፕና የተክል አልጋ። ውሃውን ግን ቆሞ አትተዉት፤ የቆመ ውሃ የትንኝ መራቢያ ነው። ከ1,000 ሊትር በታች፣ ጥቂት ዓሣ፦ ባልዲ፣ ከባትሪ አየር መንፊያ ጋር። ከ2,000 እስከ 6,000 ሊትር፣ ዓሣውም ሊበላ የታሰበ ከሆነ፦ 50 ዋት አካባቢ የሆነ ተዘፍቆ የሚሠራ ፓምፕ፣ ትንሽ በርሜል፣ የሳጥን ማማ፣ የባትሪ አየር። ቦታ ከተረፋችሁ ከማማው የሚወርደውን ውሃ በጠባብ የተክል አልጋ አሳልፉት። ግቢያችሁ ሜዳ ሆኖ ማጣሪያውን ከኩሬው እኩል ማስቀመጥ ከቻላችሁና መብራታችሁ ደህና ከሆነ በአየር የሚነሣው ቱቦ ከሁሉም ያነሰ ኃይል ይበላል። ይህን የሞከርኩት በአንዲት ገንዳ ላይ ነው፤ ቦታው ቢፈቅድልኝ ዋናውንም ወደዚያው እቀይረው ነበር።

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ አስቀድማችሁ የአየር መንፊያውን ግዙ።

የመጀመሪያው ወር ትዕግሥት ይጠይቃል። ባክቴሪያዎቹ ቤታቸውን እስኪሞሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ ከዚያም ይረዝማል። የሠራ ኩሬ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ከማጣሪያው አንድ ሁለት እፍኝ ጠጠር ሳይደርቅ ለምኑት፤ እንደ እርሾ ነው፣ ሥራውን ያፋጥናል። በእነዚህ ሳምንታት ዓሣው ጥቂት፣ መኖውም ቆንጠር ያለ ይሁን። ኩሬው በሲሚንቶ የተሠራ ከሆነ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ሞልታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ድፉት፤ አዲስ ሲሚንቶ የሚለቀው ኖራ ውሃውን ያከረዋል። የቧንቧ ውሃ ስትጨምሩ ክሎሪኑ እንዲተን በሮቶ ወይም በሰፊ ገንዳ ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት። ስፖንጁንም ሆነ ጠጠሩን በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፤ ክሎሪኑ በስድስት ሳምንት የለማውን በአምስት ደቂቃ ይፈጀዋል። ከኩሬው ራሱ አንድ ባልዲ ቅዱና በዚያ አለቅልቁት። የቆሸሸው እጣቢ ጎመን ላይ ሲደፋ ምን እንደሚያደርግ በሁለተኛው ሳምንት ታዩታላችሁ፤ ባለቤቴ አሁን ማጣሪያው መቼ እንደሚታጠብ የምትጠይቀኝ እሷ ናት።